የተኩላ ኮቴ

ከሳቫ ወንዝ ማዶ፣ ጎርፍ በሚተኛበት፣
አባቴ የሠራው የጣውላ ቤት አለ፣ ማንም የማይገባበት።
በሩ ተቸንክሯል፤ እሳት ከጠፋበት
ከጢስ መውጫው አናት
ሽመላ ትፈለፍላለች በየዓመቱ።
“ሰው ይበላል ቤቱ”
ይላል ጎረቤቱ።

አያቴ በሃምሳ፣ አጎቴ በአርባ ሁለት፤
አባቴ ብላዥም መዳፉ እንደ መዳብ ቀልቶ፣
ኩላሊቱ ጣሪያ ላይ እንደተረሳ ፕሪም ተጨማዶ።
“ከዘር ነው” ተባለ። “ደም ነው”። “ግዝት አለበት”።

እናቴን ማንዳን ግን ከኮረብታው መንደር፣
ወሬው ካልደረሰበት፣
በሠረገላ አመጧት፤
ሁለት ትራስ፣ አንድ ሳጥን፣ ብዙ ሳቅ ነበራት።
ከብላዥ ዘር አንዲት ጠብታ የሌለባት ባዳ፤
ሃያ ሰባት ዓመት ከኛ ገበታ በልታ
በሃያ ስምንተኛው ሽንቷ ደም ሆነ።
ነገሩ ደም ከሆነ፣
የሷ ደም በማን ዕዳ?

ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ሐኪም መጣ፣ ጫማው በጭቃ የተለወሰ።
ጉድጓዱን አልጠየቀም፣ መቃብሩንም አልጠየቀም።
“ምን ትበላላችሁ?” አለ።
“ዳቦ።”
“ስንዴው የት ይበቅላል?”
ወስደን አሳየነው። ዘንበል ብሎ አንድ ቅጠል ቆረጠ፣
አሸተተው፣ ቀና ሳይል ዝም አለ።

የተኩላ ኮቴ እንለው ነበር፤
ቅጠሉ ልብ የሚመስል፣ አበባው ቢጫ፣ ሽታው የሚከረፋ።
ከስንዴው እኩል ይበስላል፣ ከስንዴው እኩል ይታጨዳል፤
የቶሞ ወፍጮ አይመርጥም፣ ፍሬውን ከፍሬ ጋር ይፈጫል።
ማረም ለሰለቸን ልጆች
“ተዉት፣ እሱም የእግዜር ነው” ትል ነበር ማንዳ።
ፈረሳችን ብቻ ድርቆሹን አሽትቶ
ፊቱን ያዞር ነበር።
እኛ ፈረሱን ገረፍነው።

ዛሬ ተራው የኔ ነው። ዛግሬብ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ወጣቷ ሐኪም ከሽንት ቱቦዬ የተቆረጠውን
በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ።
በእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ መጽሐፍ አለ፣
አራት ፊደል ብቻ ያለው፤
ዲኤንኤ ይሉታል፤ ጸሐፊው ሌት ተቀን ይገለብጠዋል።
የዚያ ፍሬ መርዝ፣ ብራና ላይ እንደወደቀ የሰም ጠብታ፣
አንዷን ፊደል ይሸፍናል።
ጸሐፊው ማንበብ ሲያቅተው ገምቶ ይጽፋል፤
ቀጣዩ ጸሐፊ ግምቱን አምኖ ይገለብጣል።

“አቁም” የሚል ቃል ነበር በመጽሐፉ መሐል።
የቁ ጭረት ቦታዋን ብትስት
“አቅም” ሆኖ ተነበበ።
በቃ። ይኸው ነው።
ቁም መባል የነበረበት ሥጋ
አቅም አለህ ተባለ፤
እያደገ፣ እየተባዛ፣ ሠላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ታዘዘ።

“አራሚ የለም ወይ?” አልኳት።
“አለ” አለችኝ፤ “ፀሐይ ያቃጠለውን፣ ጢስ ያጠለሸውን
ስንቱን ሲያርም ያድራል።
ይህን ግን እያየ ያልፈዋል።”
ሳቅሁ። ደነገጠች።
እንዴት ብዬ ልንገራት፣ አረሙን አይተን ያለፍን
መጀመሪያ እኛ እንደሆንን?

ወንድሜ ስላቭኮ ከዚያው ዳቦ በልቷል፣
ከኔ ይልቅ በልቷል፤ ስልሳ አንዱን ይዟል፣
ያጨሳል፣ ይጨፍራል፣ ምንም አልሆነም።
አልቀናሁበትም ብል ውሸቴን ነው።

አሁን አንድ ኩላሊት ይዤ፣ በግንቦት፣ እርሻው ዳር እንበረከካለሁ።
የትራክተሩ ልጅ ይስቃል፤ “እትዬ፣ ዘሩን ማሽን ያበጥረዋል ዛሬ!”
እውነቱን ነው። ቢሆንም እነቅላለሁ።
ሥሩ ጠልቆ የሄደ ነው፤ ሲበጠስ ይሰማኛል፣
ግማሹ እዚያው ይቀራል።

ሌሊት ሌሊት ቁራሽ እቆጥራለሁ።
በየትኛው ቀን ነበር? በስንተኛው ቁራሽ?
ፈተና ያለፍኩ ቀን ማንዳ ከትኩሱ ዳቦ
ጫፏን ቆርሳ፣ የፕሪም ማርማላታ ቀብታ፣
“ለኔ ጎበዝ” ብላ በእጇ አጉርሳኛለች።
ያቺ እንዳትሆን ብቻ።
ከሌላው ሁሉ መርጣችሁ ውሰዱ፣
ያቺን ተዉልኝ።